አሺክ ቬይሰልን ለመስማት ከየት ይጀመራል?

ቱርክኛ ሳይችሉ፣ ሳዝ የሚባለው ባለ ክር መሳሪያ ምን እንደሆነ ሳያውቁ የቱርኩን ገጣሚና ዘፋኝ አሺክ ቬይሰልን ማጣጣም ይቻላል? ይቻላል፣ ግን አገባብ አለው። ዝም ብሎ ስሙን ፈልጎ የመጣለትን የከፈተ ሰው ብዙ ጊዜ ሁለት ደቂቃ ሳይሞላው ይዘጋዋል። አይፈረድበትም። መጀመሪያ የሚመጣለት ወይ እሽሽ የሚል የድሮ ሸክላ ነው፣ ወይ የዘመኑ ዘፋኝ በኦርኬስትራ አሳጅቦ ያሰማመረው ነው። በአንደኛው ቬይሰል በደንብ አይሰማም፣ በሁለተኛው ቬይሰል ጭራሽ የለም።

ቃና ላይ የቱርክ ድራማ ሲያዩ ለሚያመሹ ሰዎች ቱርክ ማለት የቦስፎረስ ዳር ቪላ፣ የሀብታም ልጅ ፍቅርና የአማት ተንኮል ነው። ቬይሰል ከዚያኛው ቱርክ አይደለም። የመጣው ከመሀል አናቶሊያ፣ ከሲቫስ ክፍለ ሀገር፣ በሻርክሽላ ወረዳ ሲቭሪያላን ከምትባል የገበሬ መንደር ነው። አጥንት ሰርስሮ የሚገባ ብርድ ያለበት፣ ሰው በእህልና በበግ የሚኖርበት አገር። ይህን ከያዛችሁ ግማሹን መንገድ ሄዳችኋል።

ስሙን ስትፈልጉ የቱርክ ኪቦርድ መጫን አያስፈልግም። በእንግሊዝኛ ፊደል ኤ፣ ኤስ፣ አይ፣ ኬ ብላችሁ ክፍተት ስጡ፣ ከዚያ ቪ፣ ኢ፣ ዋይ፣ ኤስ፣ ኢ፣ ኤል። ዩቲዩብ ነጥቡንና ጭራውን ራሱ ይሞላዋል። አሺክ ማዕረግ ነው፤ ሳዝ እየመታ የራሱንም የቀደሙትንም ግጥም የሚያዜም ሰው ይጠራበታል። ይህ የአሺኮች ባህል በ2009 በዩኔስኮ የማይዳሰስ ቅርስ ሆኖ ተመዝግቧል። ዓመተ ምህረቶቹን ሁሉ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ውሰዱልኝ።

ከንፈር መምጠጡ ይቅር

ስለ ቬይሰል የሚጻፈው ሁሉ በዓይኑ ይጀምራል። እኔም ጨርሶ ልዘለው አልችልም፣ ግን ቶሎ እንገላገለው። የተወለደው በ1894 ነው። እናቱ በጎች ስታልብ ቆይታ ስትመለስ መንገድ ላይ ምጥ ይዟት እዚያው ወለደችው። በሰባት ዓመቱ ፈንጣጣ ገባ። ከእሱ በፊት ሁለት እህቶቹን የቀጠፈው ይኸው በሽታ ነበር። እሱ ተረፈ፣ ግራ ዓይኑ ግን ጠፋ። ቀኙ ትንሽ ብርሃን ይለይ ነበር፤ እሱም ቆይቶ በአደጋ ሄደ። ከመታመሙ በፊት እናቱ የሰፋችለትን አዲስ ልብስ ለጎረቤት ሊያሳይ ሄዶ ሲመለስ ጭቃ አዳልጦት ወደቀና እጁ ደማ፤ ከቀለም ሁሉ የሚያስታውሰው ቀይን ብቻ ነበር ይባላል።

ሌላው ሶሻል ሚዲያ ላይ የሚዞረው የመጀመሪያ ሚስቱ ታሪክ ነው። ቤት ውስጥ ከሚሰራ ሎሌ ጋር ልትጠፋ እንደሆነ አውቆ ዝም አለ፣ ጭራሽ መንገድ ላይ እንዳትቸገር ካልሲዋ ውስጥ ገንዘብ ደበቀላት ይላሉ። እየተነገረ እየተነገረ ያማረ ታሪክ ይመስለኛል። መሄዷ ግን እውነት ነው። የስድስት ወር ሕፃን ጥላለት ሄደች፣ ሕፃኗም ብዙ ሳትቆይ ሞተች።

በቃ። አሁን ይህን ሁሉ ወደ ጎን አድርጉት። ከታች ከምጠቁማችሁ አራት ዘፈኖች ውስጥ «ዓይኔ ጠፋ» ብሎ የሚያለቅስ አንድም የለም። ቬይሰልን እንደ ምስኪን ዓይነ ስውር የሚሰማው ሰው ሁሉንም ዘፈን እንጉርጉሮ ያደርገዋል፣ ከሦስተኛው በኋላም ይደክመዋል። እንደ ገበሬና እንደ ገጣሚ የሚሰማው ግን ቀልዱን ያገኛል፣ ነገር መወርወሩን ያገኛል፣ አልፎ አልፎም ኩራቱን። ደግሞም ገበሬ ነበር ስል ለማለት ያህል አይደለም፤ መንደሩ ውስጥ የፍራፍሬ ዛፍ ከተከሉት ከመጀመሪያዎቹ አንዱ እሱ ነው።

ጆሮ ማስተካከል

ሳዝ አንገቱ ረጅም፣ ሆዱ እንደ ተገመሰ ቅል የሆነ ባለ ክር መሳሪያ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ሰባት ክር አለው፤ ክሮቹ በሦስት ረድፍ ይደረደራሉ። አንገቱ ላይ ያሉት ጣት የሚያርፍባቸው መከፋፈያዎች (ፍሬቶች) እንደ ጊታር በብረት የተቀበሩ ሳይሆኑ በክር የታሰሩ ናቸው፣ ወዲያ ወዲህ ይገፋሉ። በዚህ ምክንያት ፒያኖ ላይ በሁለት ቁልፎች መሀል የሚቀረውን ድምፅ ሁሉ ያወጣሉ። መጀመሪያ ስትሰሙ «ቅኝቱ ተበላሽቷል እንዴ?» ካላችሁ አልተበላሸም፣ እንዲያው ነው። እኛ በቅኝት ያደግን ስለሆንን ቶሎ እንለምደዋለን፤ በፈረንጅ ሙዚቃ ብቻ ያደገ ሰው ነው የሚቸገረው።

ብዙ ሰው አሺክን ለማስረዳት «የቱርክ አዝማሪ ማለት ነው» ይላል። በአንድ በኩል ልክ ነው፤ አሺኮችም እንደ አዝማሪ ፊት ለፊት ተቀምጠው ግጥም ይወራወራሉ፣ ይሰዳደባሉ፣ ቦታው ላይ ይፈጥራሉ። ለቬይሰል ግን ይህ ንጽጽር ያሳስታል ባይ ነኝ። አዝማሪ ጠጅ ቤት ገብቶ ስምህን ጠይቆ ስላንተ ይዘፍናል፣ ሽልማትህን ይቀበላል፣ ቤቱን ያስቃል። ቬይሰልን የሚሰማ ሰው ግን በገና ለመስማት በሚቀመጥበት አቀማመጥ ቢቀመጥ ይሻለዋል። ድምፁ ዝቅ ያለ ነው፣ ለማውራት ሩብ ጉዳይ። አይጮህም፣ አያንቆረቁርም፣ አያስጨበጭብም። የመጣበት አሌቪ የሚባለው የእምነት ማኅበረሰብ ሳዝን በአምልኮው ውስጥ የሚጠቀም ነው፤ ጄም በሚሉት ጉባኤያቸው ላይ ሳዝ ይመታል፣ መሳሪያውንም ባለ ክር ቁርኣን ይሉታል። ስለዚህ ረጋ ማለቱ የአንድ ሰው ጠባይ ብቻ አይደለም።

አንድ ተራ ነገር ልጨምር፦ በስልክ ስፒከር አትስሙት። የታችኛው ክር ዝዝ እያለ ዘፈኑን ሙሉ ይሸከመዋል፣ የስልክ ስፒከር ደግሞ እሱን ነው ቆርጦ የሚጥለው። ርካሽም ቢሆን ኢርፎን አድርጉ። የመጀመሪያውን ጊዜ ቃሉን ለመያዝ አትሞክሩ፤ ቀኝ እጁን ብቻ ተከተሉ። ስንኝ ጨርሶ ወደ ቀጣዩ ከመግባቱ በፊት ሳዙ ብቻውን የሚመላለስበት ቦታ አለ። እዚያ ላይ ጆሮ ጣሉ።

ጣታችሁን ቁጠሩ

አሁን ወደ ግጥሙ። ግጥሙ በቀለም ቆጠራ የተሰራ ስለሆነ ቋንቋውን ሳትችሉም ልትከተሉት ትችላላችሁ። ጀማሪ ሁሉ የሚላክበት «ኡዙን ኢንጄ ቢር ዮልዳዪም» የሚለው ዘፈን ነው፤ «በረጅም ቀጭን መንገድ ላይ ነኝ» እንደማለት። የመጀመሪያውን ስንኝ በጣታችሁ ቁጠሩት፦ ኡ፣ ዙን፣ ኢን፣ ጄ፣ ቢር፣ ዮል፣ ዳ፣ ዪም። ስምንት። ቀጣዩም ስምንት፣ ከዚያም ቀጣዩ። አራት አራት ስንኝ እየሆነ ይሄዳል። ቀን ከሌት እሄዳለሁ ይላል፤ ዓለምን ሁለት በር ባላት የመንገደኛ ማረፊያ ይመስላታል፣ በአንዱ ገብተህ በሌላው የምትወጣባት። በመሀል «ዱንያ» የሚል ቃል ትሰማላችሁ፣ እሱን መቼም አስተርጓሚ አትፈልጉም።

መጨረሻው ስንኝ ላይ ደግሞ ንቁ። አሺኮች በመጨረሻው አራት ስንኝ ውስጥ ስማቸውን ይጨምራሉ፤ ግጥሙ የማን እንደሆነ የሚታወቀው በዚያ ነው። «ቬይሰል» የሚል ስትሰሙ ዘፈኑ ሊያልቅ ነው ማለት ነው። ይሄ ትንሽ ነገር ትመስላለች፣ ግን ማዳመጡን ጨዋታ ታደርገዋለች፤ ስሙን መቼና በምን ስሜት እንደሚጠራው መጠበቅ ትጀምራላችሁ። በዚህኛው ዘፈን ላይ ቬይሰል በነገሩ ተገርሞ አንዴ ያለቅሳል አንዴ ይስቃል።

ሁለተኛው «ካራ ቶፕራክ»፣ ጥቁር አፈር። እኔን ካስገደዳችሁኝ ከሁሉም እሱን እመርጣለሁ። ስንኙ ረዘም ይላል፣ አስራ አንድ ቀለም ነው። ወዳጅ ወዳጅ እያልኩ ስንቱን አቀፍኩ፣ የታመነችኝ ፍቅረኛዬ ግን ጥቁሯ አፈር ናት ይላል። ከዚያ ይቆጥርላታል። በግ ሰጠችኝ፣ ወተት ሰጠችኝ። በዶማና በአካፋ ሆዷን ቀደድኩት፣ በጥፍሬ ፊቷን ቧጨርኩት፣ እሷ ግን በጽጌረዳ ተቀበለችኝ። ይህን የሚለው አርሶ የሚበላ ሰው መሆኑን አትርሱ። ከተማ ቁጭ ብሎ ስለ አፈር የሚያዜም ገጣሚ ዶማና አካፋ አይጠራም። በመጨረሻ ስሙን ሲጠራ ቀን ይመጣል፣ ቬይሰልንም እቅፏ ውስጥ ታስገባዋለች ይላል። ሐበሻ «አፈር ነህና» ሲባል ያደገ ስለሆነ ይህ ዘፈን ማብራሪያ አይፈልግም፤ ትርጉሙን አንዴ አንብባችሁ ከዚያ ዓይናችሁን ከወረቀቱ ላይ አንሱ።

ሦስተኛው ፍቅር ነው፣ ግን ፉከራ ያለበት ፍቅር፦ እኔ ውስጥ ያለው ፍቅር ባይኖር ቁንጅናሽ አስር ሳንቲም አያወጣም ነበር የሚል። ሳቅ ብላችሁ ስሙት። እዚያው ውስጥ ድንገት ወደ ሌላ ነገር ይዘላል፤ የሰው ሐሳብ ባይለያይ ኖሮ በግና ተኩላ አብረው ይሄዱ ነበር ይላል። አራተኛው ወዳጆቼ ያስታውሱኝ የሚለው መሰናበቻው ነው። እሱን መጨረሻ ላይ ስሙት፣ በዝርዝርም ከሁሉም በኋላ አስቀምጡት። መጀመሪያ ከሰማችሁት ይከብዳል፣ ሌላውንም ያጠለሽባችኋል።

ትርጉም ስትፈልጉ አንድ ነገር ልንገራችሁ። ቱርክኛም እንደ አማርኛ ግሱን መጨረሻ ነው የሚያስቀምጠው። እንግሊዝኛው ትርጉም ላይ ተገልብጦ ጣዕሙ የጠፋው ስንኝ ወደ አማርኛ ሲመለስ ብዙ ጊዜ ቦታውን ያገኛል። ማሽን ወደ እንግሊዝኛ ያውጣላችሁ፣ ከዚያ አራት ስንኟን ራሳችሁ በአማርኛ ሞክሯት። ቤት መምታት አይጠበቅባችሁም።

ስለ ሰውየው ይህን ያህል ብታውቁ

ሳዙን የሰጠው አባቱ ነው፣ ልጁ ብቻውን ተቀምጦ እንዳይቆዝም። ከአካባቢው ሰዎች እየተማረ የቀደሙትን ገጣሚዎች፣ እነ ፒር ሱልጣን አብዳልን፣ እነ ካራጃኦላንን በቃሉ ያዘ። እስከ አርባ ዓመቱ ገደማ በአደባባይ የሚያዜመው የእነሱን ነበር፤ የራሱን አውጥቶ አያሰማም። በ1931 ሲቫስ ላይ አህመት ኩትሲ ቴጄር የሚባል የሥነ ጽሑፍ መምህርና ገጣሚ የአሺኮች በዓል አዘጋጀ። ቬይሰልን ያወጣው ያ በዓል ነው።

ከዚያ 1933 መጣ፣ የቱርክ ሪፐብሊክ 10ኛ ዓመት። ቬይሰል ስለ ሪፐብሊኩ መሥራች ስለ አታቱርክ ግጥም ገጠመ። የሰሙት ሹም ወደ አንካራ እንላከው ቢሉት ራሴ እወስደዋለሁ አለ። ኢብራሂም ከሚባል ጓደኛው ጋር በእግር ተነሱ። የብርድና የበረዶ ወቅት ነው። ሦስት ወር ፈጀባቸው፣ መንደር ለመንደር እያደሩ። አንካራ ደርሰው አታቱርክን ሊያገኙት አልቻሉም። ግጥሙ ግን ጋዜጣ ላይ ወጣ። ከዚህ ሁሉ እኔን የሚይዘኝ የገበያው ነገር ነው። የሳዙን ክር ሊገዙ ወደ መሀል ከተማ ገበያ ሲያመሩ ፖሊስ አስቆማቸው፤ በለበሱት የገጠር ልብስ ምክንያት እንዳይገቡ ከለከላቸው። ሪፐብሊኩን የሚያወድስ ግጥም ተሸክሞ ሦስት ወር የተጓዘ ሰው የሪፐብሊኩ ዋና ከተማ ገበያ ውስጥ አትገባም ተባለ። ይህን ቬይሰል ራሱ ነው ያወራው።

በኋላ መንግሥት ወደደው። በ1940ዎቹ የገጠር መምህራን በሚሰለጥኑባቸው የመንደር ኢንስቲትዩቶች እየዞረ ሳዝ አስተማረ፣ በአሪፊዬ፣ በሀሳንኦላን፣ በቺፍቴለርና በሌሎችም። በ1965 የቱርክ ፓርላማ ለቋንቋውና ለአንድነቱ ላበረከተው በሚል በልዩ ሕግ የወር 500 ሊራ ቆረጠለት። የሞተው ማርች 21 ቀን 1973 በሳንባ ካንሰር ነው፣ እዚያው በተወለደባት ሲቭሪያላን።

የመንግሥት ወዳጅነቱ ዘፈኖቹ ላይም አለ። ስለ አንድነት፣ ስለ ትምህርት፣ ስለ ሪፐብሊኩ የገጠማቸው አሉ። እኛ አገር በየዘመኑ ለየመንግሥቱ የተዘፈነውን የሰማ ጆሮ ወዲያው ይለያቸዋል። መጥፎ አይደሉም፣ ግን ለመጀመሪያ ጊዜ አይሆኑም። ዝለሏቸውና ቆይታችሁ ተመለሱባቸው።

ሌሎች የዘፈኑትስ?

ከኦሪጅናሉ በኋላ ብቻ። በ60ዎቹ መጨረሻ የአናቶሊያ ሮክ ሲጀመር ወጣቶቹ ቬይሰልን ኤሌክትሪክ ጊታር ላይ አወጡት፤ ከእነሱ ፊክሬት ክዝሎክን ስሙት፣ የሽማግሌውን ርጋታ ሳይገድል ነው የያዘው። የቱርኩ ፖፕ ዘፋኝ ታርካን የመንገዱን ዘፈን ዘፍኖታል፣ ድምፁ ያምራል፣ እኔን ግን አይነካኝም። አሜሪካዊው ጊታሪስት ጆ ሳትሪያኒ በ2008 አልበሙ ላይ በቬይሰል ስም የሰየመው ሙዚቃ አለ። እሱ የቬይሰል ዜማ ነው ብላችሁ እንዳትጠብቁ፣ የራሱ ፈጠራ ነው።

ራሳችሁ መጫወት ካማራችሁ በመንገዱ ዘፈን ጀምሩ። ዜማው ጠባብ ነው፣ ብዙ አይወጣም አይወርድም። ኪቦርድ ላይ አትድከሙ፣ ያ በቁልፎች መሀል ያለው ድምፅ አይወጣላችሁም። ጊታርም እንደዚያው፣ ክሩን ካልጎተታችሁት። ማሲንቆ የሚችል ሰው ካላችሁ ግን አሰሙት። ፍሬት ስለሌላት ጣቱ ቦታውን ፈልጎ ያገኘዋል። ቃሉን በቱርክኛ ለመዝፈን መጀመሪያ ያለ ሳዝ፣ ጣት እየቆጠራችሁ በንባብ በሉት፤ ስምንቱ ቀለም አፋችሁ ውስጥ ሲገባ ዜማው ራሱ ይከተላል።

እግራችሁ ቱርክ ከረገጠ

ኢስታንቡል ለሥራ ወይም ለንግድ የሚመላለስ ሐበሻ ብዙ ነው፤ ላሌሊ ከሚባለው የገበያ ሰፈር ሸቀጥ ገዝቶ ይመለሳል። ሁለት ቀን የሚተርፈው ካለ ሲቫስ ሩቅ አይደለም። ከኢስታንቡል አንካራ ፈጣን ባቡር አለ፤ ከአንካራ ሲቫስ ደግሞ ከ2023 ጀምሮ ሌላ ፈጣን ባቡር ገብቷል። ያ ዓመት ቬይሰል የሞተበት 50ኛ ዓመት ስለነበር በቱርክ የአሺክ ቬይሰል ዓመት ተብሎ ነበር፣ አጋጣሚው ጥሩ ነው። ከሲቫስ ወደ ሻርክሽላ በመኪና፣ ከሻርክሽላ ደግሞ ወደ መንደሩ። ቤቱ ሙዚየም ሆኗል። ከመሄዳችሁ በፊት ክፍት መሆኑን ሲቫስ ላይ ጠይቁ፣ ሻርክሽላ ስትደርሱም መመለሻ መኪናውን አስቀድማችሁ ተነጋገሩ። ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ባለው ጊዜ ደግሞ አትሞክሩት፣ በረዶው የገጠሩን መንገድ ይዘጋል።